ያልታወቀውን ይዞ መንደፍ፦ ጥቃቅን የሲሊከን ማሽኖችና ጽኑ ቁጥጥር

(የመለያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

  ዛሬ ወረቀትና እርሳስ ያዝ አድርጉ፤ አብረን የምንሠራት ትንሽ ስሌት አለች። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስልካችሁን ወደ ጎን ስታጋድሙት ምስሉ አብሮ ይዞራል። መኪና ሲጋጭ ኤርባጉ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ እንኳ ሳይቆይ ይነፋል። የስልኩን መጋደምም ሆነ የመኪናውን ግጭት የሚያውቀው በቺፕ ውስጥ የተቀመጠ፣ በእርግጥም የሚንቀሳቀስ የሲሊከን ማሽን ነው። ሞላ አለው፤ በሞላው ላይ የተንጠለጠለ ሰሌዳ አለው፤ የሰሌዳውን እንቅስቃሴ የሚለካ ሰርኪዩትም አለው። እንዲህ ያሉት መሣሪያዎች በሙሉ ስማቸው ማይክሮ ኤሌክትሮ ሜካኒካል ሲስተምስ ይባላሉ። ባለሙያዎች አሳጥረው ሜምስ ይሏቸዋል፤ እኛም በዚሁ ስም እንጠራቸዋለን።

የዛሬው ጥያቄያችን ይህ ነው። በአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ቀን፣ ዋፈር በሚባለው በአንድ ስስ የሲሊከን ዝርግ ላይ ከተሠሩ ሜምሶች መካከል ሁለቱ እንኳ ፍጹም እኩል ሆነው አይወጡም። ከወጡ በኋላ ደግሞ ብሎን አጥብቆ ወይም በሞረድ ሞርዶ የሚያስተካክላቸው የለም። ታዲያ የሰው ሕይወት የሚያድን ሥራ እንዴት በአደራ ይሰጣቸዋል? መልሱ ጽኑ ቁጥጥርና ጽኑ ንድፍ በሚባለው የምሕንድስና ዘርፍ ውስጥ ይገኛል። ይህ ዘርፍ የማናውቀው ነገር መኖሩን ከመጀመሪያው አምኖ ይነሳል፤ የማናውቀው እስከ ምን ድረስ እንደሆነ ይለካል፤ በዚያ ወሰን ውስጥ ለሚመጣው ሁሉ የሚሆን መሣሪያ ይነድፋል።

(አጭር ሙዚቃ)

ከታሪኩ ጥቂት እናንሳ። በ1959 የፊዚክስ ሊቁ ሪቻርድ ፋይንማን በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ባደረገው ንግግር ማሽኖችን እጅግ አሳንሶ መሥራት እንደሚቻል አመለከተ። በየጎኑ ከኢንች አንድ ስልሳ አራተኛ የማይበልጥ ሞተር ለሚሠራ ሰው የ1,000 ዶላር ሽልማት እንደሚሰጥም ተናገረ። በዓመቱ ዊልያም ማክሌላን የተባለ መሐንዲስ ሞተሩን ሠርቶ ሽልማቱን ወሰደ። ሰፊው መንገድ የተከፈተው ግን የኮምፒውተር ቺፕ የሚመረትበት ዘዴ ተንቀሳቃሽ አካል ለመሥራት ሲውል ነው። በ1982 ኩርት ፒተርሰን ባሳተመው ጽሑፍ ሲሊከን ለሞላና ለምሰሶ የሚሆን ጠንካራ ቁስ መሆኑን በማስረጃ አሳየ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የጀርመኑ የቦሽ ኩባንያ ተመራማሪዎች ፍራንዝ ላርመርና አንድሪያ ኡርባን ሲሊከንን ቀጥ አድርጎ ወደ ታች በጥልቀት መቅረጫ ዘዴ ፈለሰፉ። ዛሬ በዓለም ላይ በብዛት የሚመረቱ የእንቅስቃሴ ሴንሰሮች በዚህ ዘዴ ይቀረጻሉ።

አሁን እርሳሳችሁን አንሡ። ስፋቱ 2 ማይክሮሜትር እንዲሆን የተነደፈ የሲሊከን ሞላ አለን እንበል። አንድ ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። ሲቀረጽ ትንሽ ቢሰፋ 2.2፣ ትንሽ ቢጠብ 1.8 ሆኖ ይወጣል። ስህተቱ የማይክሮሜትር ሁለት አሥረኛ ብቻ ነው። ይህንኑ ስህተት 2 ሴንቲሜትር ውፍረት ባለው የብረት ዘንግ ላይ ብናገኘው ከመቶ ሺህ አንድ ስለሚሆን ከቁም ነገር የሚቆጥረው ባለሙያ የለም። በእኛ ሞላ ላይ ግን 10 በመቶ ነው።

ይህ 10 በመቶ ምን ያህል እንደሚጎዳ እናስላ። ሞላው ወደ ጎን ሲታጠፍ ግትርነቱ የሚያድገው በስፋቱ ኩብ ነው። 1.1ን በ1.1፣ የተገኘውን እንደገና በ1.1 አባዙት። 1.33 ይመጣል። 0.9ን እንዲሁ ብታደርጉት 0.73 ይሆናል። ስለዚህ አንዱ ሞላ ከታሰበው በ33 በመቶ ጠንክሯል፤ ሌላው በ27 በመቶ ላልቷል። ሰሌዳው የሚነዝርበት ፍጥነት ደግሞ የግትርነቱን ስኩዌር ሩት ስለሚከተል፣ በሰከንድ 20,000 ጊዜ እንዲነዝር የተነደፈው መሣሪያ በላላው ሞላ 17,000፣ በጠነከረው 23,000 ጊዜ ገደማ ይነዝራል። ሁለቱም ከአንድ ንድፍ የወጡ ናቸው።

በዚህ ላይ የሙቀት መለዋወጥ አለ። ቺፑ የተጣበቀበት ማሸጊያ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ሲሊከኑን ያጎብጠዋል። ትንሽነት በራሱ የሚያመጣውም ጣጣ አለ። አንድ ነገር በሁሉም ጎን በአሥር እጥፍ ሲያንስ ክብደቱ በሺህ እጥፍ ይቀንሳል፤ የገጹ ስፋት ግን የሚቀንሰው በመቶ እጥፍ ብቻ ነው። ስለዚህ በትልቁ ዓለም የማንቆጥራቸው የገጽ ኃይሎች እዚህ ያይላሉ። ሁለት ገጾች አንዴ ከተነካኩ ተጣብቀው ሊቀሩ ይችላሉ።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮቻችን፣ አሁን ከሁሉም ይልቅ መሐንዲሶችን ወደሚፈትነው ጉዳይ እንምጣ። ሰሌዳውን ለማንቀሳቀስ አብዛኛውን ጊዜ የምንጠቀመው በኤሌክትሪክ መሳሳብ ነው። ሁለት ሰሌዳዎች ፊት ለፊት ቆመዋል፤ አንዱ የማይነቃነቅ ነው፣ ሌላው በሞላ የተንጠለጠለ ነው። ቮልቴጅ ስንሰጣቸው ይሳሳባሉ፣ ሞላው ደግሞ ወደ ኋላ ይጎትታል። ነገር ግን ሁለቱ ኃይሎች አስተዳደጋቸው አንድ አይደለም። የሞላው ኃይል በተለጠጠበት ልክ ይጨምራል። መሳሳቡ ግን ክፍተቱ በግማሽ ሲጠብ አራት እጥፍ ይሆናል። በዚህ ምክንያት ሰሌዳው የመጀመሪያውን ክፍተት አንድ ሦስተኛ እንደተጓዘ ሞላው ይሸነፋል፤ ሰሌዳው ተስቦ ከፊት ለፊቱ ጋር ይላተማል። ክፍተቱ 3 ማይክሮሜትር ከሆነ፣ ያለ ስጋት የምንንቀሳቀስበት 1 ማይክሮሜትሩ ብቻ ነው ማለት ነው። ሰሌዳው በስንት ቮልት ላይ ተስቦ እንደሚላተም ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ሞላው ነው፤ ሞላው ደግሞ አሁን እንዳሰላነው ከቺፕ ቺፕ ይለያያል።

ይህን ድንበር ለመሻገር ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የንድፍ መንገድ ነው። ከሰሌዳዎቹ ጋር በተከታታይ አንድ ካፓሲተር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሙል ማከማቻ፣ ይጨመራል። ክፍተቱ ሲጠብ ሰሌዳዎቹ ላይ የሚያርፈው የቮልቴጅ ድርሻ ራሱ ይቀንሳል፣ የቀረውን ካፓሲተሩ ይሸከማል። ሁለተኛው የቁጥጥር መንገድ ነው። ሰሌዳው የት እንደደረሰ እየተለካ፣ ሲጠጋ ቮልቴጁ ይቀነስለታል፣ ሲርቅ ይጨመርለታል። ጎበዝ ነዳፊ ሁለቱን መንገዶች ለየብቻ አያያቸውም። የመካኒኩ ሰው ሥራውን ጨርሶ ለቁጥጥር ሰው ከሚያስረክብ፣ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ አብረው ቢሠሩ ይሻላል የሚባለውም ለዚህ ነው።

ለክቶ ማስተካከል፣ ማለትም ግብረ መልስ፣ አለመተካከልን እንዴት እንደሚያሸንፍ ለማየት ወደ 1927 እንመለስ። በዚያን ዘመን የረጅም ርቀት ስልክ ድምፅ በየመንገዱ በቫኪዩም ቲዩብ ማጉያ ይታደስ ነበር። ቲዩቦቹ ሲያረጁና ሲሞቁ የማጉላት ኃይላቸው ስለሚለዋወጥ ድምፁ ይበላሻል። ኦገስት 2 ቀን የቤል ላቦራቶሪዎች መሐንዲስ ሃሮልድ ብላክ በሃድሰን ወንዝ ላይ በጀልባ ወደ ሥራው ሲሻገር መፍትሔው መጣለት። በያዘው የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ገጽ ላይ ሥዕሉንና ስሌቱን አሰፈረው።

የብላክ ሐሳብ በቁጥር ይህን ይመስላል። መቶ እጥፍ ማጉላት ሲያስፈልገን አሥር ሺህ እጥፍ የሚያጎላ ማጉያ እንሠራለን። ከዚያ ከሚወጣው አንድ መቶኛውን ወስደን ከሚገባው ላይ እንቀንሳለን። በጠቅላላው የምናገኘው 99 እጥፍ ይሆናል። አሁን ቲዩቡ አርጅቶ ኃይሉ በግማሽ ወደ አምስት ሺህ ይውረድ። በጠቅላላው የምናገኘው 98 እጥፍ ነው። ማጉያው ግማሽ ኃይሉን አጥቶ ተጠቃሚው የጎደለበት ከመቶ አንድ ብቻ ነው። ብላክ ትርፍ ኃይልን ሰጥቶ ጽናትን ገዛ።

(አጭር ሙዚቃ)

ይኸው ሐሳብ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወደ ሲሊከኑ ማሽን ገባ። አናሎግ ዲቫይስስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለኤርባግ የሚሆን ኤዲኤክስኤል 50 የተባለ አክስለሮሜትር፣ ማለትም የፍጥነት ለውጥ መለኪያ፣ አወጣ። ከዚያ በፊት መኪኖች ግጭትን የሚያውቁት ከፊት ለፊታቸው በተተከሉ ትልልቅ የሜካኒካል ሴንሰሮች ነበር። አዲሱ ቺፕ ከምድር ስበት 50 እጥፍ የሚደርስ ድንገተኛ ግፊት ይለካል። የሚንቀሳቀሰው ክፍሉ 2 ማይክሮሜትር ገደማ ውፍረት ያለው የሲሊከን አካል ነው። ከጎንና ከጎኑ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የሚወጡ ስስ ጣቶች አሉት፤ እያንዳንዱ ጣት በሁለት ቋሚ ጣቶች መካከል ቆሟል። መኪናው ድንገት ሲቆም ሰሌዳው ወደፊት ሊሄድ ይሞክራል፣ በአንዱ ወገን ያለው ክፍተት ይጠባል፣ በሌላው ይሰፋል። ሰርኪዩቱ ይህን ልዩነት እንደ ካፓሲተር አቅም ለውጥ ያነበዋል።

ዋናው ብልሃት ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ሰርኪዩቱ ሰሌዳው እንዲሄድ አይተወውም፤ ወዲያው በኤሌክትሪክ ኃይል ስቦ ወደ መሀል ይመልሰዋል። የገበያ ሚዛን ላይ እህል የምትመዝን ነጋዴ ሳህኑ ምን ያህል እንደወረደ አትለካም፤ ሁለቱ ሳህኖች እኩል እስኪቆሙ የብረት መመዘኛ ትጨምራለች፤ ክብደቱን የምታነበው ከጨመረችው ብረት ነው። ቺፑም ሰሌዳውን መሀል ላይ ለማቆየት ስንት ቮልት እንደጠየቀው ያነባል፤ መልሱ ያ ነው። ሰሌዳው ከመሀል እምብዛም ስለማይነቃነቅ የሞላው መጠንከርና መላላት በልኬቱ ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ በእጅጉ ይቀንሳል። ይህ ዘዴ ሰሌዳው ከዚያ የአንድ ሦስተኛ ድንበር እንዲርቅም ያግዘዋል።

ይህ ማለት ግን ግብረ መልስ ሁልጊዜ የግድ ነው ማለት አይደለም። የፋብሪካው አሠራር ሲጠራና የቀረጻው ስህተት ሲጠብ፣ ኤዲኤክስኤል 202ን የመሳሰሉ የዚያው ኩባንያ ኋለኛ ምርቶች ሰሌዳውን የመመለሱን ሥራ ትተው እንቅስቃሴውን በቀጥታ ወደ ማንበብ ተሸጋገሩ። የማናውቀው ሲያንስ የምንከፍለውም ያንሳል።

(አጭር ሙዚቃ)

ግብረ መልስ የራሱን አደጋ ይዞ ይመጣል። ለክቶ፣ አስልቶ፣ ኃይል እስኪሰጥ ድረስ ጊዜ ይወስዳል። መልሱ ከዘገየ ሰሌዳው አቅጣጫውን ቀይሮ ሲመጣ ይደርሳል፤ እንዲያቆመው የታሰበው ኃይል ጭራሽ ይገፋዋል። ያን ጊዜ መሣሪያው በራሱ ግፊት መናጥ ይጀምራል። ሰሌዳው ደግሞ አንድ ዓይነት ንዝረት ብቻ አይደለም ያለው። ይጠመዘዛል፣ ጣቶቹም ለየራሳቸው ይርገበገባሉ። እነዚህ ፈጣን ንዝረቶች በስሌታችን ውስጥ በትክክል አልተጻፉም።

በ1978 ጆን ዶይል የተባለ ወጣት ተመራማሪ በአንድ እጅግ አጭር ጽሑፍ የዘርፉን ሰዎች አነቃ። በወቅቱ ምርጥ ይባል የነበረው የቁጥጥር ዘዴ፣ ስሌቱ ከእውነታው ትንሽ ሲለይ ሊናጋ እንደሚችልና የተረጋገጠ መጠባበቂያ እንደሌለው አሳየ። ለሞዴሉ ምርጥ መሆን ለመሣሪያው ምርጥ መሆን እንዳልሆነ ግልጽ ሆነ። በ1981 በካናዳ ይሠራ የነበረው ጆርጅ ዜምስ ለችግሩ አዲስ የሒሳብ መሠረት ጣለ። በ1989 ዶይል፣ ኪት ግሎቨር፣ ፕራሞድ ካርጎኔካርና ብሩስ ፍራንሲስ በጋራ ያወጡት ሥራ ስሌቱን መሐንዲሶች በኮምፒውተር ሊሠሩት ወደሚችሉት መልክ አመጣው።

መንገዱ በሦስት እርምጃ ይነገራል። መጀመሪያ የመሣሪያው ሞዴል ይጻፋል። ቀጥሎ ሞዴሉ ከእውነተኛው መሣሪያ ቢበዛ ምን ያህል ሊለይ እንደሚችል በየንዝረት ፍጥነቱ ወሰን ይደረግለታል። በዝግታ በሚንቀሳቀሰው ላይ ብዙ ስለምናውቅ ወሰኑ ጠባብ ነው፤ በፈጣኑ ላይ ብዙ ስለማናውቅ ይሰፋል። በመጨረሻም በወሰኑ ውስጥ የሚገኘው የከፋው መሣሪያ እንኳ ሳይናጋ እንዲቆም ተቆጣጣሪው ይነደፋል። መመርመሪያ ሕጉም ግልጽ ነው፤ አንድ ምልክት በተቆጣጣሪውና በማናውቀው ክፍል በኩል ዞሮ ሲመለስ ከወጣበት አንሶ መመለስ አለበት። እያነሰ ከተመለሰ በየዙሩ ይከስማል። እያደገ ከተመለሰ መሣሪያውን ያናውጠዋል። ስለዚህ ጥሩ ተቆጣጣሪ በሚያውቀው ቦታ በኃይል ይሠራል፣ እውቀቱ በሚያልቅበት ቦታ ኃይሉን ይቀንሳል።

አንዳንዴ ደግሞ መፍትሔው ሰሌዳው ተስቦ የሚላተምበትን ድንበር መሸሽ ሳይሆን እሱኑ መጠቀም ይሆናል። በቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ይሠራ የነበረው ላሪ ሆርንቤክ በኤሌክትሪክ የሚጎብጡ ጥቃቅን መስታወቶች ላይ ለዓመታት ሠርቷል። እያንዳንዱን መስታወት በሚፈለገው ማዕዘን ላይ አቁሞ ማቆየት አስቸጋሪ ነበር። በ1987 ሐሳቡን ለወጠ፤ መስታወቱ ሁለት ማረፊያ ብቻ እንዲኖረው፣ ወይ ወደዚህ ወይ ወደዚያ ተስቦ ማቆሚያው ላይ እንዲያርፍ አደረገ። የብርሃኑ መጠን የሚወሰነው በማዕዘኑ መሆኑ ቀርቶ መስታወቱ በበራበት ጊዜ ርዝመት ሆነ። አሁን ሞላው ቢጠነክርም ቢላላም ማረፊያው ያው ነው። በዚህ ንድፍ ሚሊዮኖች መስታወቶች ጎን ለጎን ሆነው በሲኒማ ፕሮጀክተሮች ውስጥ ይሠራሉ፤ ሆርንቤክም በ2015 የኦስካር ሽልማት ተቀብሎበታል።

የመዞር ፍጥነትን የሚለካው ጋይሮስኮፕም የራሱ ትምህርት አለው። ሰሌዳው በአንድ አቅጣጫ ሳያቋርጥ ይነዝራል፤ ስልኩ ወይም መኪናው ሲዞር ወደ ጎን መገፋት ይጀምራል። የጎን እንቅስቃሴው ከአንድ አቶም ስፋት በታች ሊሆን ይችላል። የሁለቱ አቅጣጫ ንዝረት ፍጥነት እኩል ቢሆን ምልክቱ እጅግ ይጎላል። ነገር ግን የሞላው 10 በመቶ ስህተት ባለበት እኩልነቱ አይጸናም፤ ትንሽ ሙቀት ሲጨመር ልኬቱ ይለዋወጣል። ስለዚህ ብዙ ነዳፊዎች ሆን ብለው ሁለቱን ያራርቋቸዋል። ከምልክቱ ጉልህነት ይቀንሳሉ፣ የማይዋዥቅ ልኬት ያገኛሉ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኧርቫይን ጄንክ አጃርና አንድሬ ሽኬል ሰሌዳውን ራሱን ከፋፍለው ሰፊና ለጥ ያለ የምላሽ ክልል እንዲኖረው የሚያደርጉ ንድፎችን አጥንተዋል።

ወሰን ሲደረግ ያልታሰበው ነገርም አንዳንዴ ይመጣል። በ2018 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት በአንድ ሆስፒታል አዲስ የኤምአርአይ ማሽን ሲተከል ሂሊየም ጋዝ አመለጠ። ወደ 40 የሚሆኑ አይፎኖችና የአፕል ሰዓቶች ሥራ አቆሙ፤ የሌሎች ኩባንያዎች ስልኮች ግን ደኅና ነበሩ። ምክንያቱ ሲፈለግ፣ የቆሙት መሣሪያዎች ጊዜ የሚቆጥሩት አየር በሌለበት ጉድጓድ ውስጥ ታሽጎ በሚነዝር ሜምስ መሆኑ ታወቀ። የሂሊየም አቶም እጅግ ትንሽ ስለሆነ በማሸጊያው ሰርጎ ገብቶ ንዝረቱን አዛብቶት ነበር። ጋዙ ቀስ በቀስ ሲወጣ ብዙዎቹ ስልኮች ወደ ሥራቸው ተመለሱ። የአይፎን መመሪያ ስልኩ እንደ ሂሊየም ያሉ ጋዞች በብዛት ካሉበት ቦታ እንዲርቅ ያስጠነቅቃል። መሣሪያ ጽኑ ነው ሲባል ሁልጊዜ መጠየቅ ያለበት፣ በየትኛው ወሰን ውስጥ የሚለው ነው። ወሰኑን በግልጽ ጽፎ ለተጠቃሚው ማሳወቅም የነዳፊው ግዴታ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ዝግጅታችንን ከማጠናቀቃችን በፊት በተለይ ለምሕንድስና ተማሪዎች የቤት ሥራ እንስጥ። ቅድም ያሰላነውን ሞላ ስፋቱን ከ2 ወደ 4 ማይክሮሜትር አሳድጉት። ርዝመቱንም እጥፍ አድርጉት። የሞላ ግትርነት በርዝመቱ ኩብ ስለሚቀንስ፣ ጠቅላላ ግትርነቱ እንደ ቀድሞው ይሆናል። የቀረጻው ስህተት ያው ሁለት አሥረኛ ማይክሮሜትር ነው። አሁን ስህተቱ ከ10 ወደ 5 በመቶ ወርዷል። 1.05ን ሦስት ጊዜ ብታባዙት 33 በመቶ የነበረው ልዩነት ወደ 16 በመቶ ሲወርድ ታያላችሁ። አንድም የቁጥጥር ሰርኪዩት አልተጨመረም፤ ፋብሪካውም አልተሻሻለም። የተከፈለው ዋጋ ሞላው በቺፑ ላይ አራት እጥፍ ቦታ መያዙ ነው። ይህ ዋጋ መከፈል አለበት ወይስ የቀረውን ልዩነት ግብረ መልስ ይሸከመው? ሁለቱንም አስልታችሁ አወዳድሩ፤ የትኛው እንደሚያዋጣ ከነምክንያቱ ጻፉ። የዚህ ሙያ የዕለት ተዕለት ሥራ ይኸው ነው። ትንሽም ይሁን ትልቅ መሣሪያ ስትነድፉ ከመጀመሪያው ገጽ ላይ የማታውቁትንና ወሰኑን አስፍሩ፤ የቀረው ንድፍ ከዚያ ይነሳል።



(የመለያ ሙዚቃ)